ሩብ ሰከንድ ስንት ያወጣል?

ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ከተማ፣ በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ የመጨረሻው ዙር ላይ ደርሷል። የብሪታንያው ሞ ፋራህ ቀድሞ ወጥቷል፤ ለብዙ ተመልካች ነገሩ ያለቀ መስሏል። የእኛው ኢብራሂም ጄይላን ግን ከኋላ ተነስቶ ልዩነቱን እያጠበበ መጣ፤ መስመሩ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ደረሰበት፤ አለፈውም። የኢብራሂም ሰዓት 27:13.81፣ የፋራህ 27:14.07 ሆኖ ተመዘገበ። በመካከላቸው ያለው 26 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ማለት ነው።

በዚያ ሻምፒዮና የወርቅ ሜዳሊያ ሽልማት 60 ሺህ ዶላር፣ የብር 30 ሺህ ዶላር ነበር። ሩብ ሰከንድ 30 ሺህ ዶላር አወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ያው ሁለቱ ተገናኙና ፋራህ በ52 መቶኛ ሰከንድ ቀደመ፤ በዚህኛው ጊዜ ገንዘቡ ወደ ሌላው ኪስ ሄደ።

ኢብራሂም የባሌ ልጅ ነው። በጊኒር፣ በሮቤና በጎባ ጠዋት ጠዋት በአስፋልቱ ዳር የሚሮጡ ወጣቶች ስሙን ያውቃሉ። ያችን ሩብ ሰከንድ ፍለጋ ስንት ዓመት እንደሚሮጥ፣ እስከዚያ ድረስ ምን ተበልቶ፣ በምን ጫማ እንደሚሮጥ ግን ውድድሩን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሁሉ አያስበውም። የስፖርተኛ ክፍያ በውጤቱ ይወሰን ወይስ በሥራው የሚለው ክርክር ሲንከባለል የቆየው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

በውጤት መክፈልን ባሌ ውስጥ ማንም አያስተምረንም። ስንዴ ሲደርስ ኮምባይነር ይገባል፤ የኮምባይነር ዋጋ የሚታሰበው በኩንታል ነው። ከማሽኑ ሆድ የሚወርደው እህል ማሳው ዳር በጆንያ ይሞላል፤ የጆንያው አፍ በመርፌና በሲባጎ ይሰፋል፤ አንድ ሰው እየቆጠረ ይመዘግባል፤ ማታ ሒሳቡ በቁጥሩ ይዘጋል። ብዙ ከወጣ ባለማሽኑ ብዙ ያገኛል፤ ጥቂት ከወጣ ጥቂት። ፍትሐዊ ይመስላል፤ በአብዛኛው ነውም። ነገር ግን ባለማሽኑ ይህ ማሳ በረዶ ቢመታው ነገ ሌላ ማሳ ይገባል፤ ከነገ ወዲያም ሌላ። ገበሬው ያለው ይህ አንድ ማሳ ነው። ሁለቱም በውጤት ይከፈላሉ እንበል እንጂ አንድ ዓይነት አደጋ አልተሸከሙም።

ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ መሬት ሲሰጥና ሲቀበል ውሉን ይለያል። በእኩል ወይም በሲሶ የተሰጠ መሬት ላይ ዝናብ ቢቀር ሁለቱም ይጎዳሉ። በቁርጥ ኪራይ የያዘው ግን ዘነበም አልዘነበም ይከፍላል። ከየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በፊት ጭሰኛን ያስመረረው አንዱ ነገር ምርቱም ግብሩም አደጋውም በሱ ጀርባ ላይ መውደቁ ነበር። የሯጭን ገቢ በዚህ ዓይን ስመለከተው ነገሩ ይገባኛል፦ ማናጀሩ ከብዙ ሯጮች ሽልማት ድርሻውን ይወስዳል፤ የጫማ ኩባንያው በየአገሩ ብዙ ሯጭ አለው። ሯጩ ያለው አንድ አካል ነው፤ ሁለት ጉልበት፣ ሁለት ጅማት።

በእኛ አገር የሩጫ ክፍያ መጀመሪያ የመጣው በማዕረግ በኩል ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ያኔ ኦሎምፒክ አማተር ስለሆነ ለሯጭ ገንዘብ መክፈል ክልክል ነበር። ሽልማቱ የማዕረግ ዕድገት ሆነ። ከቶኪዮው ድል በኋላ ቮልስዋገን ተሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 አደጋ የደረሰበትም በዚያችው መኪና ነው። ዛሬም ሰው ሻምበል አበበ፣ ሻምበል ምሩፅ፣ ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ እያለ ይጠራል። በማዕረጉ ውስጥ አንድ ብልሃት አለ። ውጤት ማዕረግ ያመጣል፤ ማዕረግ ደመወዝ ይጨምራል፤ ሯጩ በሚቀጥለው ዓመት ቢታመም ግን ማዕረጉ አይወርድም። ወደ ላይ የሚያወጣው ውጤት ነው፤ ወደ ታች የሚጥለው የለም። ዛሬ በሚባለው ቋንቋ ቋሚ ደመወዝ ከማበረታቻ ጋር ልንለው እንችላለን፤ የዚያን ጊዜ ሰዎች ስም ሳያወጡለት አድርገውታል።

ገንዘቡ የመጣው ቆይቶ ነው። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1982 የሯጮች ገንዘብ በአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥ ፈቀደ። በ1993ቱ የሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና አሸናፊዎች መርሴዲስ መኪና ተሸለሙ፤ ኃይሌ ገብረሥላሴም አንዷን ወሰደ። ከ1997ቱ የአቴንስ ሻምፒዮና ጀምሮ ሽልማቱ በጥሬ ገንዘብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2023 ቡዳፔስት ላይ አንደኛ የወጣ 70 ሺህ ዶላር፣ ሁለተኛ 35 ሺህ፣ ሦስተኛ 22 ሺህ አገኘ፤ እየወረደ ሄዶ ስምንተኛው 5 ሺህ ደረሰው። ዘጠነኛ ለወጣ ምንም የለም። በዓለም ላይ ዘጠነኛ መሆን ማለት ደግሞ ከስንት ሚሊዮን ሰው መካከል እንደሆነ አስቡት።

በውጤት መክፈልን የሚደግፉ ሰዎች ጠንካራ ነገር አላቸው፤ አቅልዬ ማለፍ አልፈልግም። ሰዓት ዘመድ አያውቅም። በአገራችን ሥራ ለማግኘት፣ ዕድገት ለማግኘት፣ ቤት ለማግኘት የሰው ፊት ማየት ብዙ ወጣት የለመደው መከራ ነው። ሩጫ ከዚህ ውጭ ነው። ከጊኒር ገጠር የመጣች፣ አዲስ አበባ ማንንም የማታውቅ ልጅ ቀድማ ከገባች ቀድማ ገባች ነው፤ ሽልማቱን ለሌላ የሚያዞርባት የለም። ክፍያው ከውጤት ተለይቶ በኮሚቴ ውሳኔ ይሁን ቢባል በዚያው በር ዘመድና ትውውቅ ይገባል። ይህን ፍርሃት በቅርብ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚንቀው።

ነገር ግን ውጤት ራሱ ሁልጊዜ የሥራ ልክ አይደለም። በዴጉው ውድድር ቀነኒሳ በቀለ ከረጅም ጉዳት በኋላ ተሰልፎ ሳይጨርስ ወጣ፤ በደረጃ ሠንጠረዡ ሲታይ ያ ሰው ምንም አልሠራም። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሲያሸንፍ፣ የዓለም አትሌቲክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኦሎምፒክ ወርቅ የመደበው 50 ሺህ ዶላር ደረሰው። ታምራት ግን በመጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ የገባው ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው። ሲሳይ በዚያው ዓመት የቦስተን ማራቶን አሸናፊ ነው። ሁለቱም ለዚያ ቀን ሲዘጋጁ ከርመዋል። አንዱን ገንዘቡ አገኘው፣ ሌላውን ጉዳት። ታምራት የሚገባውን አገኘ፤ ጥያቄዬ ተጠባባቂ ሆኖ የሚቀረው፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ሯጭ በምን ይኖራል የሚለው ነው።

በሩጫው ዓለም ለሥራው ብቻ የሚከፈለው አንድ ሰው አለ፦ አሯሯጩ። በተስማማው ፍጥነት እስከ 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ይመራል፤ ከዚያ ዳር ይወጣል። ማን አንደኛ እንደወጣ ለሱ ክፍያ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ብዙ ኢትዮጵያዊ ወጣት የመጀመሪያ ዶላሩን የሚያየው በዚህ ሥራ ነው። ታዋቂው ሯጭ ደግሞ ገና ሳይሮጥ ለመገኘቱ ብቻ ይከፈለዋል። እንግዲህ ከላይ ያለው ዋስትና አለው፤ መካከል ላይ ያለው ነው ሁሉን በውጤት የሚጫወተው።

ይህ አሠራር ክፉ ፊቱን ያሳየው በሴቶች ላይ ነው። የጫማ ኩባንያ ውሎች ሯጯ በዓመት ይህን ያህል ካልተወዳደረች፣ ይህን ያህል ደረጃ ካላገኘች ክፍያዋ እንዲቀነስ የሚያደርግ አንቀጽ ይይዛሉ። እርግዝናም በዚሁ አንቀጽ እንደ ሥራ መፍታት ሲቆጠር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካውያኑ ሯጮች አሊሲያ ሞንታኞና አሊሰን ፊሊክስ ጉዳዩን አደባባይ ካወጡት በኋላ ናይኪ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ለ18 ወራት ክፍያ እንደማይቀንስ አስታወቀ። ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2015 ልጇን ወልዳ በ2016 ሪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አምጥታለች። ጥሩነሽ ግን ያኔ ስሟም ጥሪቷም የተደላደለ ነበር። ገና ስም ያላወጣች ሯጭ መውለድንና መሮጥን እንድታማርጥ የሚያደርግ ውል፣ በእኔ እምነት፣ የውጤት ክፍያ ሊባል አይገባውም።

ሌላም አለ። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ውድድር ላይ ሲንጠለጠል፣ የተጎዳ እግሩን ሸፍኖ የሚሮጥ ይበዛል፤ የተከለከለ መድኃኒት የሚያቀርብ ሰውም ጆሮ ያገኛል። ኢትዮጵያ በዓለም አትሌቲክስ የፀረ ዶፒንግ ደንብ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። ድህነት ብቻውን ሰውን አጭበርባሪ አያደርግም፤ አንድ ውድድር የቤተሰብ ሁሉ ተስፋ ሲሆን ግን ፈተናው ይከብዳል።

እግር ኳሳችን ተቃራኒውን ያሳያል። እዚያ ደመወዙ ቋሚ ነው፤ ለብዙ ዓመት ሲያድግ የኖረውም ከውጤት ጋር ሳይያያዝ ነው። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ስለሆነ፣ ከስታዲየም ገቢ የማያገኙትን ገንዘብ ለተጫዋች ይከፍላሉ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተወሰነ። ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው ከጎን በሚከፈል ገንዘብ ይታለፋል የሚል ወሬ ሞላ። በየዓመቱ ደግሞ ደመወዛችን ለወራት አልተከፈለንም ብለው ልምምድ የሚያቆሙ ተጫዋቾችን እንሰማለን። ተከላካይን በምን ትመዝነዋለህ? ባልገባ ጎል? በኳስ ለአንድ ሰው በውጤት መክፈል ከሞላ ጎደል አይቻልም፤ የሚቻለው ለቡድኑ ነው። እሱም የሚሆነው ዋናው ደመወዝ በወሩ ሲገባ ነው።

ክሪኬት እኛ ዘንድ ተመልካች የለውም፤ ግን የአውስትራሊያው ጠብ ለዚህ ነገር ይጠቅማል። የአገሪቱ የክሪኬት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ተጫዋቾች ሁሉ ከስፖርቱ ገቢ የሚካፈሉበትን 20 ዓመት ያህል የቆየ አሠራር ሊያስቀር ፈለገ። ስምምነት ስላልተደረሰ ሰኔ መጨረሻ ላይ 230 ያህል ተጫዋቾች ያለ ውል ቀሩ፤ ታዋቂዎቹም ከታችኞቹ ጋር አብረው ቆሙ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የገቢ ድርሻው ጸና። ያ የእኩል እርሻ ነው፦ ዝናቡም ድርቁም የጋራ።

ወደ ኢብራሂም ልመለስ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ቤጂንግ ላይ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2000 ዓ.ም. ኤዲንብራ ላይ የወጣቶች አገር አቋራጭ አሸነፈ። ከዚያ እስከ ዴጉ በዓለም ሻምፒዮና መድረክ ላይ አልታየም። በመካከሉ ጃፓን ሄዶ ለሆንዳ ቡድን ይሮጥ ነበር። በጃፓን ትልልቅ ኩባንያዎች የራሳቸው የሩጫ ቡድን አላቸው፤ ሯጩ ደመወዝተኛ ነው፤ ማደሪያና አሠልጣኝ አለው፤ በአዲስ ዓመት ዕለት በሚደረገው የጎዳና ዱላ ቅብብል ለኩባንያው ይሮጣል። ሲያሸንፍ የሽልማቱ ገንዘብ አለ፤ ሳያሸንፍም የወሩ አይቀርም። ሆንዳ ብዙ ማሳ ያለው ነው፤ አንዱ ዓመት ቢበላሽበት አይጎዳም። ዴጉ ላይ ያየነው የመጨረሻ መቶ ሜትር በማን ትከሻ ላይ ሲዘጋጅ እንደከረመ ሳስብ ይህ ይታየኛል።

እዚህ ለዚያ የሚቀርበው የክለብ ደመወዝ ነው፦ መቻል፣ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ፌዴራል ማረሚያ፣ ኦሮሚያ ፖሊስ። መጠኑ ከዶላሩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የባሌ ልጅ ለእናቱ የሚልከው የመጀመሪያ ገንዘብ ግን እሱ ነው። ውሉ ለአንድና ለሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ሲታደስም የሚታየው ያለፈው ዓመት ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ስሙ ደመወዝ ሆኖ ሥራው የሽልማት ነው። እኔ ብጠየቅ የተጎዳ ሯጭ ውል ሐኪም እስኪፈቅድለት አይቆረጥ፤ የወለደችም ሁለት ዓመት ትቆይ እላለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ሰዓት ይፍረደው።

ጊኒር ላይ በመከር ሰሞን ጠዋት ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ስወጣ አንዲት ልጅ ስትሮጥ አየሁ። የጫማዋ ተረከዝ በጎማ ማጣበቂያ ተለጥፏል፤ በግራ እጇ ትንሽ ሰዓት ይዛለች። ኮምባይነሩ ማሳ ውስጥ ሲያጉረመርም ወንድሟ ጆንያ ይሰፋ ነበር። በየኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ላይ ሰዓቷን እያየች አለፈች። ወንድሟ ቀና ብሎ፣ «ስንት?» አላት። ቁጥሩን ጮክ ብላ ነገረችው፤ እሱም መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ በጣቱ አፈር ላይ ጻፈው።