በባሮ ዳር ወፍ ፎቶግራፍ ለማንሣት ካሜራን ስለ ማዘጋጀት

የዱር ወፍ ፎቶግራፍ ማንሣት የመዝናኛ ሥራ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የአገራችንን አዕዋፍ ለሚያጠና ተማሪ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው በትክክል የተጻፈበት ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ለክርክር የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ቀድሞ ተመራማሪዎች ወፉን በጠመንጃ ገድለው ቆዳውን በማድረቅ ወደ ቤተ መዘክር ይልኩት ነበር። ዛሬ ለአብዛኛው ጥናት ፎቶግራፉ ይበቃል፤ ወፉም ነፍሱ ትተርፋለች። ትተርፋለች ማለታችን ግን ፎቶግራፍ አንሺው ሥራውን ካወቀ ነው። ካሜራውን በወፉ ፊት ቆሞ የሚያሰናዳ ሰው ሳይተኩስም ሊገድል እንደሚችል ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ለምሳሌ የመረጥነው ቦታ ጋምቤላ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ ላይ በባሮ ወንዝ ዳር የተቀመጠ ሲሆን፣ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። በዚያ ወራት ወንዙ ይጎድልና ነጫጭ የአሸዋ ደለሎች ይወጣሉ። በእነዚህ ደለሎች ላይ ፈረንጆች የግብፅ ፕሎቨር የሚሏት፣ ሌሎችም የአዞ ወፍ የሚሏት ትንሽ ወፍ ትራባለች። ስሟ የግብፅ ይሁን እንጂ ዛሬ በግብፅ አትገኝም፤ መኖሪያዋ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ እኛ አገር ምዕራባዊ ቆላ ድረስ ባሉት ትላልቅ ወንዞች ዳር ነው። የአዞ ወፍ የተባለችውም ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ አንዲት ወፍ በአዞ አፍ ገብታ አልቅት ትለቅማለች ብሎ ስለ ጻፈ ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ በታመነ ማስረጃ አልተደገፈም። እውነተኛው ጠባይዋ ግን ከተረቱ ይልቅ ያስደንቃል።

ይህንም ጠባይ በደንብ ያጠናው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ሃወል ነው። ጥናቱን ያደረገው እዚሁ ጋምቤላ በባሮ ዳር ሲሆን፣ ጽሑፉ በ1979 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ወፊቱ አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 እንቁላል ትጥልና በአሸዋ ትቀብራቸዋለች። ፀሐይ ስትከር ወንዱም ሴቷም በየተራ ወደ ውኃው ወርደው የሆዳቸውን ላባ ይነክራሉ፤ ተመልሰውም በተቀበረው እንቁላል ላይ በመቀመጥ አሸዋውን ያረጥባሉ። ይህን የሚያደርጉት እንቁላሉን ለማሞቅ ሳይሆን ለማቀዝቀዝ ነው። ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ መሬት ላይ ልጥፍ ይላሉ፤ ወላጆቹም አሸዋ ይበትኑባቸዋል።

እንግዲህ አንባቢ ነገሩን ያስተውል። ፎቶግራፍ አንሺው ደለሉ ላይ ቆሞ ቁጥር ሲቀያይር ወላጆቹ አይቀርቡም። እነርሱ ካልቀረቡ አሸዋው ይደርቃል፤ በደረቀውና በጋለው አሸዋ ውስጥ ያለው እንቁላል ይበስላል። እንቁላሉ የተቀበረ ስለ ሆነም የማያውቅ እግር ሊረግጠው ይችላል። ስለዚህ በባሮ ዳር ካሜራን ማስተካከል ከወፊቱ ርቆ፣ አስቀድሞ የሚጨረስ ሥራ ነው።

ካሜራ ሦስት ነገር ያስመርጠናል። የመጀመሪያው ሻተር የሚባለው መዝጊያ የሚከፈትበት ጊዜ ነው፤ ጊዜው ባጠረ መጠን የወፉ እንቅስቃሴ ረግቶ ይታያል። ሁለተኛው በሌንሱ ውስጥ ያለው የብርሃን ቀዳዳ ስፋት ነው። ይህ በኤፍ ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቁጥሩ ሲበዛ ይጠባል። ቀዳዳው ሲሰፋ ብዙ ብርሃን ይገባል፤ ነገር ግን ጥርት ብሎ የሚታየው የርቀት ውፍረት ይቀንሳል። ሦስተኛው አይ ኤስ ኦ የሚባለው ቁጥር ነው። ይህ ብርሃን አይጨምርም፤ የገባውን ያጎላል እንጂ። ከሩቅ ጣቢያ የሚመጣ የሬዲዮ ድምፅ ሲጎላ የሚንሿሿውም አብሮ እንደሚጎላ ሁሉ፣ ይህም ቁጥር ሲበዛ ሥዕሉ ላይ እንደ አሸዋ የተበተነ ነጠብጣብ ይታያል።

ለወፍ ከሦስቱ ቀድሞ የሚመረጠው የመዝጊያው ጊዜ ነው። ቆማ የምትመለከት ወፍ በሴኮንድ 1/500ኛ ትያዛለች፤ በአሸዋ ላይ የምትሮጥ 1/1000ኛ፣ የምትበር 1/2000ኛና ከዚያም ያጠረ ጊዜ ትፈልጋለች። ቀጥሎ የቀዳዳው ስፋት ይታሰባል። በ500 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በሰፊው የካሜራ ፍሬም፣ 10 ሜትር ርቃ የቆመችን ወፍ በኤፍ 5.6 ብናነሣ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወፊቱ ግን ከመንቆሯ እስከ ጅራቷ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች። በኤፍ 8 ውፍረቱ ወደ 19 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ብርሃን ሲበቃ ኤፍ 8 መምረጥ ይሻላል፤ በማንኛውም ቢሆን የሚነጣጠረው በዓይኗ ላይ ነው።

ብርሃኑ ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከጥንት ጀምሮ የያዙት ቀላል ደንብ አለ። ደመና በሌለበት ፀሐይ፣ ቀዳዳው ኤፍ 16 ሲሆን የመዝጊያው ጊዜ ከአይ ኤስ ኦው ቁጥር ጋር ይመጣጠናል፤ አይ ኤስ ኦ 400 ከሆነ 1/400ኛ ማለት ነው። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ስንከፍተው ብርሃኑ 4 እጥፍ ስለሚሆን ጊዜው 1/1600ኛ ይሆናል። በጋምቤላ የረፋድ ፀሐይ እኛ አይ ኤስ ኦ 400፣ ኤፍ 8፣ 1/2000ኛ ብለን ከድንኳናችን ሳንወጣ እንወስናለን። ይህ ቁጥር በወረቀት ቢጻፍና በካሜራው ማንገቻ ላይ ቢለጠፍ ነውር የለውም።

ካሜራው ራሱ መለካት ሲችል በእጅ መወሰን ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። የካሜራው መለኪያ የሚያየው ከነገሩ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ነው፤ ያየውንም ሁሉ ወደ ግራጫ ሊያደርሰው ይሞክራል። ነጭ አሸዋ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማል። የወፊቱ አናት፣ ጀርባና የዓይኗ መስመር ጥቁር ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ባነሣናቸው ሥዕሎች ዓይኗ ከጥቁሩ ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቶ ነበር። ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ጨምረን እንደ ገና አነሣን። ያን ጊዜ ደግሞ ወፊቱ ተነሥታ በጥቁሩ ወንዝ ላይ በረረች፤ መለኪያውም ጨለማ መስሎት ጨመረበት፣ የክንፏ ነጭ ተቃጥሎ ወረቀት መሰለ። በፀሐይዋ ላይ ግን ምንም ለውጥ አልነበረም፤ የተለወጠው ከወፊቱ ኋላ ያለው ነገር ብቻ ነው። በእጅ የተወሰነ ቁጥር በአሸዋውም በውኃውም ላይ እኩል የሚሠራው ስለዚህ ነው።

ከዚህ የከፋውን ስሕተታችንን መደበቅ አይገባንም። በዚያው ቀን ረፋድ ላይ መለኪያውን እያስተካከልን ሳለን ከጎጆዋ አጠገብ እንደ ቆምን አላወቅንም ነበር። ማታ ሥዕሎቹን ስናይ ካሜራው በያንዳንዱ ላይ ሰዓቱን መዝግቦ አገኘነው። ወፊቱ ከተነሣችበት እስከ ተመለሰችበት ሥዕል ድረስ 11 ደቂቃ ነበር። በማግሥቱ ከማዶ ሆነን ስንመለከት ሆዷን እየነከረች ወደዚያው ቦታ ትመላለስ ነበር፤ ይህ ግን ለእኛ ምስጋና አይሆንም።

ከሰዓቶቹ ሁሉ የሚሻለው ጧት ነው። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ስለ ሆነች ፀሐይ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትወጣለች፤ በየካቲት ወር ወደ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ከወጣች በኋላ ግን ቀጥ ብላ፣ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ትወጣለች። ስለዚህ ለስላሳው ብርሃን ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ ይቆያል። መጀመሪያ ላይ ብርሃኑ ደካማ ስለ ሆነ ኤፍ 5.6ና አይ ኤስ ኦ 800 ወይም 1600 ያስፈልጋል፤ በየሩብ ሰዓቱም ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ይገባል። ሣር በሚቃጠልበት ወራት ጭሱ ብርሃኑን ስለሚቀንሰውና ቀለሙን ቢጫ ስለሚያደርገው፣ ሥዕሉን ሮው በሚባለው ዓይነት መያዝ ኋላ ለማረም ያመቻል።

ያው እሳት ሌላ ወፍ ይጠራል። ቀይዋ ንብ በል ወፍ ከእሳቱ የሚሸሹትን አንበጣዎች ለመያዝ በጭሱ ፊት ትበራለች፤ አንዳንድ ጊዜም በከብት ጀርባ ተቀምጣ ትጓዛለች። እርሷን በበረራ ለመያዝ 1/3200ኛ ያስፈልጋል፤ አይ ኤስ ኦ 400ና ኤፍ 5.6 በጠራ ፀሐይ ይህን ይሰጣሉ። የእርሷ ችግር ሌላ ነው። ቀይ ቀለሟ ብርቱ በመሆኑ ከሌሎቹ ቀለሞች ቀድሞ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ላባው ሁሉ እንደ ተቀባ ግድግዳ አንድ ወጥ ይሆናል። በካሜራው ጀርባ የሚታየውን የብርሃን ሥዕለ መስመር በየቀለሙ ከፍሎ ማየትና ቀዩ ዳር ከነካ ጊዜውን በትንሹ ማሳጠር መድኃኒቱ ነው።

በወንዙ ዳር ባለው ጫካና በከተማው የማንጎ ዛፎች ጥላ ውስጥ ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም። በጥላው ውስጥ ያለው ብርሃን ከሜዳው ከ16 እጥፍ በላይ ሊያንስ ይችላል። እዚያ አይ ኤስ ኦውን 3200 ማድረስና ነጠብጣቡን መታገሥ ነው፤ የደበዘዘ ሥዕል ግን በምንም አይታረምም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመለስ። ለጥናቱ ከሁሉ የሚበልጠው ሥዕል ወፊቱ እንቁላሏን በውኃ ስታረጥብ የሚያሳየው ነው። ይህን የምታደርገው ግን በቀትር፣ ማለት ብርሃኑ በከፋበትና የሰው መቅረብ በሚገድልበት ሰዓት ነው። ከጋለው አሸዋ የሚነሣው ትኩሳት አየሩን ስለሚያርገበግበው፣ ሥዕሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ለዚህ በካሜራ ላይ የሚዞር ምንም ቁጥር የለም። ቀርቦ ማንሣት ብቻ ይረዳል፤ መቅረብ ደግሞ የተከለከለ ነው። እኛ ያገኘነው መንገድ ይህ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ አሸዋው ገና ሳይግል፣ በውኃው ማዶ ባለው ጥላ ዝቅተኛ የሣር መከለያ እንሠራለን፤ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁመን ቁጥሩን እንወስናለን፤ ከዚያ በኋላ ከመከለያው ወጥተን መቆም የለም። ድምፅ የሌለውን መዝጊያ እንጠቀማለን፤ በአንድ ጊዜም ከ3 ወይም ከ4 ሥዕል በላይ ተከታትለን አናነሣም። ከብዙዎቹ መካከል አየሩ ለአፍታ የረጋበት አንድ ሥዕል ይገኛል። ወፊቱ በሥዕሉ ውስጥ ትንሽ ትሆናለች፤ የረጠበው የሆዷ ላባ ግን ይታያል፣ ለማስረጃም ይበቃል።

ወንዙ የወፎች ብቻ አይደለም። በባሮ ጧትና ማታ ሰዎች ይታጠባሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ የአኙዋክ ዓሣ አጥማጆችም በታንኳቸው ይመላለሳሉ። ረጅም ሌንስ ወደዚያ ሲዞር ማን እንደ ተነሣ ማንም አያውቅም፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው። አስቀድሞ ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነግሮ መሄድ፣ ወደ ድልድዩም ካሜራ አለማዞር ያስፈልጋል። በታንኳ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሦስት እግሩን ይተወው፤ የታንኳው መወዛወዝ እግሮቹን ተከትሎ ወደ ካሜራው ይመጣልና። ካሜራውን በእጅ ይዞ ጊዜውን ከ1/1000ኛ ማስረዘም አይገባም። ቀዛፊው መቅዘፊያውን አውጥቶ ታንኳው በራሱ ሲንሳፈፍ ማንሣት ከሁሉ ይሻላል፤ ይህንም አስቀድሞ ከእርሱ ጋር በምልክት መስማማት ነው እንጂ፣ ወፊቱ ፊት ስትደርሱ መጮኽ አይደለም።