በሐራጅ ስለ ተገዛ የፖሊስ አውቶሞቢልና ስለ አየር ከረጢቱ ሽቦ

በአሜሪካ አገር የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አውቶሞቢሎቻቸው ሲያረጁባቸው በሐራጅ ይሸጧቸዋል። ከእነዚህም እጅግ የታወቀው ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ የተባለው ነው። ሥራው በካናዳ አገር በሴንት ቶማስ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ቢቆምም፥ ከፖሊስ እጅ ከወጣው ብዙው ታክሲ ሆኖ ኖሯል፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው መሪ ይዘው ለኖሩት ወገኖቻችንም ስሙ እንግዳ አይደለም። ዋጋው ቀላል፥ አካሉም ጠንካራ ስለ ሆነ ለቤተ ሰቡ የሚገዛው አይታጣም። ተጋጭቶ ከወደቀ በኋላ እንደ ገና ተጠግኖ የሚሸጥም አለ፤ የዛሬው ነገራችን ስለዚሁ ነው።

ገዢው ቀለሙንና ሞተሩን አጥብቆ ሲመረምር፥ በዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የአንዲቱን ትንሽ መብራት ነገር ይዘነጋል። እርስዋ ግን ኤርባግ ለሚሉት የአየር ከረጢት ምስክር ናት። ቁልፉ ሲዞር ለጥቂት ሴኮንድ በርታ ብትጠፋ መልካም ነው። በርታ ብትቀር ወይም ብልጭ ድርግም ብትል ከመሣሪያው ወይም ከሽቦው አንዱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ከቶ ሳትበራ ብትቀር ግን ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አምፖሉን አውልቆ ምስክሪቱን ዝም ያሰኛት ሰው ሊኖር ይችላልና። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በቈጠረው መሠረት፥ ከ1987 እስከ 2017 ድረስ የፊት የአየር ከረጢት 50,457 ነፍስ አድኗል። ስለዚህ ነገሩ የአንዲት አምፖል ነገር ብቻ አይደለም።

የፖሊስ መኪና በዚህ ረገድ ከሌላው ይልቅ የሚያስቸግርበት ምክንያት አለው። መኪናው ለሥራ ሲዘጋጅ ራዲዮ፥ ሳይረን፥ የጣራ መብራት፥ ኮምፒዩተር፥ በፊትና በኋላ መቀመጫ መካከልም የብረት አጥር ይገባበታል። ለዚህ ሁሉ ወለሉ ይበሳል፥ ሽቦም ከዳሽቦርዱ ሥር እስከ ኋላው ሳጥን ይዘረጋል። ጊዜው ደርሶ ዕቃው ሲነቀል ደግሞ ነቃዩ ይቸኵላል፤ ፈትቶ በማውጣት ፈንታ በመቍረጫ ቈርጦ ይሄዳል። ከተቈረጠውም መካከል የማይነካው ሽቦ ይገኝበታል። ከዚህም በቀር ፖሊሱ በቀን ብዙ ጊዜ እየወጣና እየገባ መቀመጫውን ስለሚያንገላታው፥ ከመቀመጫው በታች ያለው ሶኬት ይላላል፤ የፈሰሰ ቡናም ሲደርስበት ይዝጋል። ብልህ ሜካኒክ ፍለጋውን ከዚህ ሥፍራ ቢጀምር አይሳሳትም።

የአየር ከረጢት ሽቦ ወይም ሶኬት እንዲታወቅ በብዙ መኪናዎች ቢጫ ቀለም ተሰጥቶታል። እርሱን ከመንካት አስቀድሞ ባትሪውን ፈትቶ የፋብሪካው መጽሐፍ የሚያዘውን ያህል ደቂቃ መቈየት ግዴታ ነው፤ መቈጣጠሪያው ሳጥን ባትሪው ከተፈታ በኋላም ከረጢቱን የሚያፈነዳ ኀይል ለጥቂት ጊዜ ይይዛልና። ከረጢቱንም ራሱን በተራ የኤሌክትሪክ መለኪያ መለካት ክልክል ነው፤ የመለኪያው ትንሽ ኀይል ሊያፈነዳው ይችላል። ዐዋቂ ሰው በከረጢቱ ፈንታ 2 ኦም ያህል የሆነ ሬዚስተር ለምርመራ ያገባል፤ መብራቷ ከጠፋች ሽቦው ደኅና ነው፥ በሽታው በከረጢቱ ነው ማለት ነው፤ ካልጠፋች ሽቦውን ይከተላል።

ከመብራቷ ጋር ጡሩምባውም ዝም ብሎ እንደ ሆነ፥ በመሪው ውስጥ የሚጠቀለለውን ክሎክ ስፕሪንግ መጠርጠር ይገባል፤ የሁለቱም ሽቦ በእርሱ ያልፋልና። ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ሶኬቱ ሲነቀል ሁለቱን ሽቦ በራሱ የሚያገናኝ ትንሽ ብረት በውስጡ አለ፤ ይህም ከረጢቱ በድንገት እንዳይፈነዳ ነው። ሶኬቱ በሚገባ ሳይገጠም ቢቀር ብረቱ እንደ ተገናኘ ይቀራል፥ መብራቷም ትበራለች፤ ሜካኒኩ ግን የተቈረጠ ሽቦ ሲፈልግ ይውላል።

በአንዳንድ የፎርድ መኪናዎች መብራቷ ራስዋ ቈጥራ ትናገራለች፤ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብላ ካረፈች በኋላ ሁለት ጊዜ ብትደግም ቍጥሩ 32 ነው፥ ትርጕሙም በመጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል።

ያን ለምርመራ የገባውን ሬዚስተር እዚያው ትቶ መኪናውን የሚሸጥ ግን እኛ ከሌባ አንለየውም። መብራቷ እንደ ደኅና ትጠፋለች፥ ከክዳኑ ሥር ግን ከረጢት የለም። ርካሽ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የሚያገባም አለ፤ ከላይ የጠቀስነው መሥሪያ ቤት በ2024 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ ወር ባወጣው ማስጠንቀቂያ፥ እንዲህ ያለው ማፈንጃ ሦስት ሰዎች መግደሉንና ሁለት ክፉኛ ማቍሰሉን አስታውቋል።

በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ተሰብሮ የተጠገነ መኪና ይህ ነገሩ በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ገዢውም ወረቀቱን አይቶ የከረጢቱንና የመቈጣጠሪያውን ሳጥን ደረሰኝ ይጠይቅ። ደረሰኝ ካልተገኘ የመሪው ክዳን ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በዐዋቂ እጅ ተከፍቶ ይታይ፤ ሻጩ ይህን እንቢ ካለ ግን ሌላ መኪና መፈለግ ነው።