«እሱ እኮ ኮሜዲ ነው የሚችለው» አትበሉ

ለእኔ ጎበዝ ተዋናይ ማለት ከለመድነው ገጸ ባሕርይ ወጥቶ የሚያስደነግጠን ነው። ብራያን ክራንስተንን እዩት። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 በ«ማልኮም ኢን ዘ ሚድል» የሚያስቅ አባት ነበር። በ2008 «ብሬኪንግ ባድ» ሲጀምር ግን ያው ሰውዬ፣ በ51 ዓመቱ፣ ካንሰር የያዘው የኬሚስትሪ መምህር ሆኖ መጣ፤ ቀስ በቀስም ጨካኝ የዕፅ ነጋዴ ሆነ።

የጣቢያው ኃላፊዎች መጀመሪያ አመንትተው ነበር። የድራማው ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን ግን ራሱ ጽፎት ክራንስተን በ1998 የተወነበትን የ«ዘ ኤክስ ፋይልስ» ክፍል አሳያቸው። ከዚያማ በዚህ ሚና ብቻ በምርጥ መሪ ተዋናይነት 4 የኤሚ ሽልማት ወሰደ።

እኛም ተዋናዩን «ሁሌ አንድ ዓይነት ነው» ብለን ከማማታችን በፊት፣ ሌላ ሚና የሰጠው ሰው አለ ወይ ብለን ብንጠይቅ አይሻልም?