ዘፈኑን እንጂ ዘፋኙን አትምረጡ

ከኢትዮጵያን አይዶል እስከ ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት ድረስ የድምፅ ውድድሮችን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ የሚሰናበቱት ድምፅ አጥተው አይደለም፤ ዘፈን መምረጥ ስላላወቁበት ነው። ከክፍለ ሀገር ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ የመጣ ወጣት ያለችው ዕድል ሁለትና ሦስት ደቂቃ ብቻ ናት። ያቺን ደቂቃ ምን ላይ እንደሚያውላት የሚወስነው ግን ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው።

ሰሞኑን ለውድድር የምትዘጋጅ የጎረቤቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ የጥላሁንን ልዝፈን ወይስ የአስቴርን?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የሕግ ሰው እንጂ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ችግሩ ከጥያቄው ይጀምራል። ልጅቱ የመረጠችው ዘፋኝ እንጂ ዘፈን አይደለም።

ነገሩን ለማብራራት ወደለመድኩት ወደ ሕጉ ልሂድ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 እኛ በአንድ ስም «ዘፈን» የምንለውን ነገር ከፋፍሎ ያየዋል። ግጥሙና ዜማው «ሥራ» ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ገጣሚውና የዜማ ደራሲው ናቸው። ዘፋኙ ደግሞ «ከዋኝ» ይባላል፤ የእሱ መብት በክዋኔው ላይ ነው። ካሴቱን ወይም ሲዲውን ያስቀረጸው ፕሮዲዩሰርም የራሱ መብት አለው። የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመናቸውና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል።

ይህ ክፍፍል ለተወዳዳሪ ትልቅ ምክር ነው። መድረክ ላይ ይዛችሁ መውጣት የምትችሉት ግጥሙንና ዜማውን ነው። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ፣ ቅላፄና ትንፋሽ የዘፈኑ አካል ሳይሆኑ የጥላሁን ክዋኔ ናቸው። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. ቢያርፍም ድምፁ በየዳኛውና በየተመልካቹ ጆሮ ውስጥ አለ። እሱን አስመስሎ የሚዘፍን ተወዳዳሪ እንግዲህ የሚወዳደረው አጠገቡ ከቆመው ልጅ ጋር ሳይሆን ከጥላሁን ጋር ነው። በዚህ ፍርድ ቤት ማን እንደሚረታ ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

ታዲያ እንዴት ይመረጥ? አንደኛ፣ ካሴቱን ዘግታችሁ፣ ያለ ሙዚቃ ብቻችሁን ዝፈኑት፤ በስልካችሁም ቅረጹት። ዘፈኑ ያለ ባንዱ የሚቆም ከሆነ ለእናንተ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የዘፈኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ቦታ ፈልጉ። ከፍተኛው ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትላችሁ ሳትጮኹ መድረስ ካልቻላችሁ፣ ሙዚቀኞች «ኪ» የሚሉትን መነሻ ድምፅ ዝቅ አስደርጉ። ወንድ የዘፈነውን ሴት ስትዘፍነው ይህ ግድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ዝቅ ብሎም ካልሆነ ዘፈኑን ተዉት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን አትርሱ።

ሦስተኛ፣ ቅኝቱን እወቁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሁሉም በአምስት ድምፅ የተሠሩ ቢሆኑም ርቀታቸው አንድ አይደለም። ትዝታ ሜጀር ውስጥ የግማሽ ድምፅ እርምጃ የለም፤ አንቺ ሆዬ ውስጥ ግን ሁለት አሉ። ጆሮ ያልለመደውን ጠባብ እርምጃ፣ ልብ በሚመታበት መድረክ ላይ በትክክል መርገጥ ከባድ ነው። አራተኛ፣ የግጥሙን ትርጉም ለሌላ ሰው በራሳችሁ ቃል አስረዱ። ሰምና ወርቁን ያልለየ ዘፋኝ የሐዘኑን ስንኝ እየሳቀ ይዘፍነዋል። አምስተኛ፣ ሰዓት ያዙ። ረጅም መግቢያና ተደጋጋሚ አዝማች ያለው ዘፈን በሁለት ደቂቃ ውስጥ የእናንተን ድምፅ ሳያሳይ ያልቃል።

በመጨረሻም የባለቤትነቱ ጉዳይ አለ። ሥራን በአደባባይ ማቅረብና ማሰራጨት በአዋጁ መሠረት የሥራው አመንጪ መብት ነው። ስለዚህ ፈቃዱን የሚያገኘው አዘጋጁ ይሁን ተወዳዳሪው፣ ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። «የሕዝብ ዜማ ነውና ግድ የለም» የሚለውም በጥንቃቄ ይያዝ። ደራሲው የማይታወቅ ጥንታዊ ዜማ የማንም የግል ንብረት ባይሆንም፣ አንድ ሰው አዲስ ግጥም ጽፎለት ወይም አቀናብሮት ከሆነ ያ ግጥምና ያ ቅንብር ባለቤት አላቸው። ከተቻለ ከአባት እናት የሰማችሁትን የአካባቢያችሁን እንጉርጉሮ በራሳችሁ መንገድ ሥሩት፤ ከማን ጋር እንደሚያወዳድራችሁ ዳኛውም ይቸገራል።

ለጎረቤቴ ልጅም ያልኳት ይህንኑ ነው። መድረክ ላይ ስትወጪ «የእገሌን ዘፈን ልዝፈን» ብቻ ብለሽ አትለፊ፤ የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም ፈልገሽ ጥሪ። ስማቸው እንዲነሣ አዋጁ መብት ሰጥቷቸዋል። አንቺንም ይጠቅምሻል፤ ግጥምና ዜማው ከዘፋኙ በፊት እንደነበሩ ያወቀ ሰው፣ ከዘፋኙ በኋላም በሌላ ድምፅ ሊኖሩ እንደሚችሉ ይገባዋልና።