ኩባንያው ሲዘጋ ሶፍትዌሩ እንዴት ተረፈ?

አንድ ጀማሪ ኩባንያ ሲዘጋ የሠራው ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ አብሮት ይቀበራል። የምንጭ ኮዱ የድርጅቱ ንብረት በመሆኑ ተጠቃሚዎች ሊያርሙትም ሆነ ሊያሻሽሉት አይችሉም።

ብሌንደር የተሰኘው የአኒሜሽን መሥሪያ ሶፍትዌር ግን ከዚህ ዕጣ አምልጧል። ባለቤቱ የነበረው የኔዘርላንድስ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ሲዘጋ፣ መሥራቹ ቶን ሮዘንዳል ከባለሀብቶቹ ጋር ተደራደሩ። ባለሀብቶቹም 100 ሺህ ዩሮ ከተከፈላቸው ኮዱ ለሕዝብ እንዲለቀቅ ተስማሙ። ገንዘቡ በ7 ሳምንታት ውስጥ ከተጠቃሚዎች መዋጮ ተሰበሰበ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ኮዱ በነፃ ፈቃድ ወጣ። ፈቃዱ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ይፈቅዳል፤ አሻሽሎ የሚያሰራጭ ግን የራሱንም ኮድ እንዲያካፍል ያስገድዳል። ስለዚህ ማንም መልሶ በግሉ ሊቆልፈው አይችልም።

ኩባንያው ከተዘጋ ከ23 ዓመታት በኋላ፣ በ2025፣ በብሌንደር የተሠራው ‹‹ፍሎው›› የተሰኘ የላትቪያ ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል።