አያት የተዉትን መጽሐፍ የልጅ ልጅ ያነበው ዘንድ

በከላላ ወደ አንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት ገብተን ሳለን፣ የቤቱ ጌታ ከአባታቸው የወረሱትን አሮጌ የአማርኛ መጽሐፍ ከሣጥን አውጥተው ልጃቸውን «አንብቢልን» አሏት። ልጅቱም ተማሪ ስትሆን፣ በየቃሉ መካከል ያለውን ሁለት ነጥብ አይታ «አባዬ፣ ይህ ሁሉ ነጠብጣብ ምንድን ነው?» ብላ ቆመች። አባትዮው ዝም አሉ፤ እኛም አዘንን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብራና ጸሐፊ ቃልን ከቃል አጠጋግቶ ይጽፍ ስለ ነበረ በሁለት ነጥብ ይለየው ነበር። ማተሚያ ከመጣ በኋላም ልማዱ ቀጠለ፤ በ1917 ዓ. ም. የተዠመረው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በዚሁ ሥርዓት ይታተም ነበር። ኋላ ግን በጽሕፈት መኪናና በኮምፒዩተር ዘመን ባዶ ቦታ ነጥቡን ተካው።

የፊደሉም ነገር እንደዚሁ ነው። በግእዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ «ሰረቀ» ማለት የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ ሰው ሁለቱን ሳይለይ ይጽፋል።

መሣሪያው ሲለወጥ የመጽሐፍ መልክ መለወጡ አይቀርምና በዚህ ማንንም አንወቅስም። ነገር ግን የቀድሞውን ምልክት ለልጅ የሚያስረዳ ወላጅ ከታጣ፣ የወረስነው መጽሐፍ በሣጥን ውስጥ ዲዳ ሆኖ ይቀራል። ያች ልጅ ነጥቡ የቃል አጥር መሆኑን ከነገርናት በኋላ ገጹን እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ የአባቷም ፊት በራ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሣጥናችሁን ከፍታችሁ ከልጆቻችሁ ጋራ አንድ ገጽ ታነቡ ዘንድ እንለምናችኋለን።