ያውቁ ኖሯል? ሐሳብዎን የሚያቀያይሩት ሁለቱ ሸሪኮች

በአንጎልዎ መሐል ለመሐል ታላመስ የሚባሉ ሁለት እንቁላል መሳይ አካላት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የእያንዳንዳቸው ርዝመት ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሐሳብዎን መቀየር ሲፈልጉ ግን ያለ እነሱ አይሆንልዎትም!

ሸሪካቸው፣ ኮርቴክስ የሚባለው የአንጎልዎ ቅርፊት፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚህች ስስ ንጣፍ ላይ 16 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ታጭቀዋል!

ያዩት፣ የሰሙት፣ የቀመሱትና የዳሰሱት ሁሉ ኮርቴክስ ዘንድ የሚደርሰው በታላመስ በኩል አልፎ ነው። ሽታ ብቻ እምቢ ብሏል! የቡናው መዓዛ ታላመስን ሳያስፈቅድ ኮርቴክስ ይገባል!

ታላመስ ተራ ተላላኪ ይመስልዎት ነበር? የእይታን መልእክት የሚቀበለው ክፍሉ ከሚደርሱት የነርቭ ግንኙነቶች ውስጥ ከዓይን የሚመጡት 10 በመቶ ያህል ቢሆኑ ነው! የቀሩት ከኮርቴክስና ከሌሎች የአንጎል ክፍሎች የሚመጡ ናቸው!

ኮርቴክስ ወሬኛ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ወደ ታላመስ የሚልካቸው የነርቭ ክሮች ከታላመስ ከሚመጡለት እጅግ ይበልጣሉ!

የታላመስ መልእክት አስተላላፊ ሕዋሳት ግን እርስ በርስ አይነጋገሩም ማለት ይቻላል። ጎረቤት ሆነው ጉዳያቸውን የሚጨርሱት በኮርቴክስ በኩል ነው!

የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ የሆነው ፍራንሲስ ክሪክ በኋላ ፊቱን ወደ አንጎል አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1984 ታላመስን የሸፈነ ስስ የሕዋሳት ሽፋን የትኩረታችን ባውዛ ነው ብሎ ገመተ!

ካርዶችን በቀለም እየለዩ ነው እንበል። ሕጉ ድንገት ወደ ቅርጽ ይለወጣል፤ የሚነግርዎ የለም! እርስዎ ጥቂት ተሳስተው ይነቁበታል። ከግንባር ጀርባ ያለው ኮርቴክሳቸው የተጎዳ ሰዎች ግን «ተሳስተዋል» እየተባሉም በአሮጌው ሕግ ይቀጥላሉ!

አይጦችም ሕግ ይማራሉ! አንዱን ምልክት ሲሰሙ ብርሃን፣ ሌላውን ሲሰሙ ድምፅ ይከተላሉ። ሕጉን የሚይዘው ኮርቴክሳቸው ነው፤ አጋሩ የሆነው የታላመስ ክፍል የትኛው ሕግ እንደተያዘ እንኳ አይለይም። ተመራማሪዎች ይህን ክፍል ዝም ሲያሰኙት ግን ሕጉ ከኮርቴክሱ ይደበዝዛል!

ሁኔታው ሲለወጥስ? ያው የታላመስ ክፍል ለጊዜው የሚያስፈልገውን ሐሳብ ያጠናክራል፣ የማያስፈልገውን ያፍናል። አይጧም ሐሳቧን ትገለብጣለች!

ፌሬት የምትባል ትንሽ እንስሳ በጆሮዋ ኮርቴክስ እንዳየችስ ሰምተዋል? ገና ግልገል ሳለች የዓይኗ ነርቭ ወደ ታላመሷ የመስሚያ ክፍል እንዲዞር ተደረገ። ስታድግ የመስሚያ ኮርቴክሷ ብርሃን ማየት ጀመረ!

ቫይታሚን ቢ1 ክፉኛ ሲጎድል፣ በተለይ በረጅም ጊዜ የመጠጥ ሱስ፣ ታላመስ ሊጎዳ ይችላል። የተጎዳበት ሰው ያልዋለበትን ውሎ በዝርዝር ሊያወራልዎት ይችላል። ደግሞም አይዋሽም፤ ከልቡ ያምነዋል!

ይህንንስ? አንድ ሰው አንጎሉ ተጎድቶ ለ6 ዓመት ያህል አካባቢውን በቅጡ ሳያውቅ ኖረ። ሐኪሞች በሁለቱም ታላመሶቹ ውስጥ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ አስገቡ። ኮርቴክሱን አልነኩትም! ሰውየው ግን ምግብ አኝኮ ዋጠ፣ አፉንም ፈትቶ ተናገረ!